የዜሮ ዲግሪው መሥሪያ ቤት

የገዛ ቆዳን ማመን ኋላ ቀርነት መሆኑን ከሁሉ ቀድሞ የተገነዘበ አንድ የተከበረ መሥሪያ ቤት ነበር። ይህ ታላቅ ማስተዋል የተገኘው፣ በቅርቡ የተቀጠረችው ጀማሪ ፕሮግራመር የአዳራሹን ሙቀት በትልቅ ሰሌዳ ላይ የሚያሳይ ፕሮግራም ሠርታ ካስረከበች ወዲህ ነው። ሰሌዳው «ዜሮ ዲግሪ» አለ። ጠዋት ዜሮ፣ በቀትርም ዜሮ።

ሥራ አስኪያጁ ውለው ሳያድሩ መመሪያ አወጡ፦ «የተከሰተውን ቅዝቃዜ በተቀናጀ አኳኋን ለመከላከል ይቻል ዘንድ መስኮቶች እንዲዘጉ፣ ሠራተኞችም ካፖርት እንዲለብሱ ታዟል።» ታዘዘ፤ ተለበሰ። ከጣሪያው ቆርቆሮ የሚወርደው ወላፈን አናት ቢበሳም፣ ሠራተኛው በጓንት እየጻፈ ጥርሱን ማንገጫገጭ ለመደ። ሥራ አስኪያጁም በግንባራቸው የሚንቆረቆረውን «የብርድ ላብ ነው» ብለው አስረዱ። የመዝገብ ቤቱ ሹም ራሳቸውን ስተው ሲወድቁ፣ «ብርድ መታቸው» ተባለና ሁለተኛ ካፖርት ተደረበላቸው።

ጀማሪዋን ግን ጭንቅ ያዛት። የሙከራ ጊዜዋ የሚያበቃው በዚያው ሳምንት ነው። ስሕተቷን ብትናገር ቅጥሩ ይቀርባታል፤ ዝም ብትል ሰው ሊሞትባት ነው። ቢጨንቃት ወደ አንጋፋው ፕሮግራመር ሄደች።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ! መለኪያው ዘጠና አምስት ፋራናይት እያለኝ፣ የእኔ ኮድ ወደ ሴልሺየስ ሲመልሰው ዜሮ ያደርገዋል።»

«ቀስ በይ። ሠላሳ ሁለት ቀነስሽለት?»

«ቀነስኩ።»

«ከዚያስ?»

«አምስትን ለዘጠኝ አካፈልኩና በእሱ አባዛሁት።»

«በይ እሱ ነው ጉድ የሠራሽ። ሁለት ሙሉ ቁጥር ስትሰጪው ማሽኑ አካፍሎ ሽርፍራፊውን ይጥለዋል። አምስት ለዘጠኝ ዜሮ ከምናምን ነው፤ ምናምኑን ጣለና ዜሮውን ይዞልሽ ቁጭ አለ። በዜሮ ያባዙት ምን ይሆናል?»

«ዜሮ! ወይኔ፣ ሰውዬውን ልገድላቸው ነበር እኮ!»

«አይሞቱም፤ ካፖርቱን አስወልቂላቸው። አሁን መጀመሪያ በአምስት አባዢ፣ ከዚያ ለዘጠኝ አካፍዪ።»

እንደተባለችው አደረገች። ሰሌዳው ብልጭ አለና «ሠላሳ አምስት» ብሎ ቆመ። ወዲያው ሥራ አስኪያጁ አስጠሯት። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው እንደ ቆለፉ ተቀምጠዋል።

«ይህን ያደረግሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎን ጌታዬ። ስሕተቱ የእኔው ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«የምን ይቅርታ! ከዜሮ ተነሥቶ በአንድ ጠዋት ሠላሳ አምስት ያስመዘገበ የትኛው ክፍል አለ? ዕድገቱ ለበላይ አካል ሪፖርት ተደርጓል። ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ነሽ። የመጪው ዓመት ዕቅድሽ ሰባ ነው።»

ጀማሪዋ እየበረረች ወደ አንጋፋው ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ሰባ ዲግሪ ከየት አባቴ አመጣለሁ?»

«በሁለት አባዢው።»

«ስሕተት ይሆናላ!»

«ስሕተትማ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ነው የሚሠራው፤ አንቺ ቋሚ ነሽ።»