ከውስጥ የሰሙት የንሶፍዋ እናት

ደወል የሌለው የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሊኖር ይችላል። አጥር የሌለውም አይቻለሁ። የንሶፍዋ እናት የሌሉበት ግን በዓለም ላይ የለም። ስማቸው ይለያይ ይሆናል እንጂ፣ አንድ ዓይናቸውን መንገዱ ላይ አንዱን የእማሆዮቹ ግቢ ላይ አድርገው፣ ትምህርት ቤቱ ነገ ሊናገር ያሰበውን ዛሬ የሚናገሩ ሴትዮ በየበሩ ቆመዋል።

የከተማችን የሙፉሊራዎቹ፣ ማለትም የኛዎቹ፣ ክብርት የንሶፍዋ እናት ናቸው። ክብርት ያልኩት ማንም ስለሾማቸው አይደለም። የሚሾም ሲጠፋ ጊዜ ራሳቸው ተሾሙ። ለሰው ሲታይ በሩ ላይ ሙንኮዮ የሚባለውን የበቆሎ መጠጥ ነው የሚሸጡት። ጀሪካኑም አለ፣ ኩባያውም አለ። ግን የተጠማ ሰው ገንዘቡን ዘርግቶ ቢቆም፣ የያዙትን ወሬ ሳይጨርሱ አይቀዱለትም። ተቀምጠው ያየኋቸው ቀን የለም። በርጩማቸው ላይ የሚቀመጠው ጀሪካኑ ነው፤ እሳቸው ከበር እስከ አጥሩ ጥግ፣ ከአጥሩ ጥግ እስከ በር ናቸው።

ልጃቸው ንሶፍዋ ከትምህርት ቤቱ ከወጣ ቆይቷል። አሁን ሶልዌዚ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ቤት የሚያክል መኪና ይነዳል፣ ጢሙን ይላጫል። ስለዚህ የንሶፍዋ እናት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ልጅ የላቸውም። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም። አባ ሲዘምሩ ድምፃቸው እንደሚሰበር እናውቅ የለ? እንደዛ ነው።

ሁለት አባባል አላቸው። ወሬ ሲጀምሩ "ከውስጥ ነው የሰማሁት" ይላሉ። ሲጨርሱ ደግሞ "አልነገረችንም እንዳትሉኝ"። ውስጥ የሚሉት የት እንደሆነ ተነግሮን አያውቅም። አንዳንዱ የእማሆዮቹ ወጥ ቤት መስኮት ነው ይላል። እኔ ጭንቅላታቸው ውስጥ ይመስለኛል።

የወላጆች ግሩፕ የተከፈተው በኔ ስልክ ነው። ያኔ የሳቸው ስልክ ግሩፕ የማይከፍት ባለ ቁልፍ ነበር። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ አንድ ጠዋት ጎማ ስለጥፍ መጥተው፣ ስልኬን ከኪሴ አውጥተው፣ ጣቴን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው እያስነኩ ግሩፑን ከፈቱት። ሰው ማስገባትም ማስወጣትም የምችለው እኔ ብቻ እንድሆን አደረጉ። ለምን እኔን እንደመረጡ ብጠይቃቸው፣ ዝም የሚል ሰው ለሹመት ይሆናል አሉኝ። ከዛን ቀን ጀምሮ የግሩፑ ባለቤት ነኝ። አንድ ቃል ጽፌበት አላውቅም፤ ከስድብ በስተቀር። ወደ ስድቡ እመጣለሁ።

ከትምህርት ቤቱ የሚመጣው ማስታወቂያ አጭር ነው። በሳቸው በኩል ሲያልፍ ይወልዳል። አንዴ ከፍ ያሉት ክፍሎች ሐሙስ የሣር ማጨጃ ይዘው ይምጡ ተባለ። የንሶፍዋ እናት ግን ትንሾቹም ለእግዜር ሣር ለማጨድ እንደማያንሱ ስላመኑበት ለሁሉም አስተላለፉት። ሐሙስ ጠዋት የአንደኛ ክፍል ልጆች ከቁመታቸው የሚረዝም ማጨጃ እየጎተቱ እንደ ዘማች ጦር መጡ። መምህርታቸው የክፍሉን በር ዘጋችው።

የዶሮው ደግሞ ይብሳል። ለትምህርት ቤቱ በዓል ቅዳሴ፣ የቻለ ቤተሰብ ለመባ ትንሽ ነገር ይዞ ይምጣ የሚል ወረቀት ወጣ። በሳቸው በኩል ያለፈው ግን "እግዜር ፊት በባዶ እጅ አይኬድም፤ ከዶሮ በታች ያመጣ ልጁን ያሳፍራል፤ ከውስጥ ነው የሰማሁት" ሆኖ ነው። ያለው ከቤቱ፣ የሌለው ከገበያ፣ ሁሉም አውራ ዶሮውን ታቅፎ መጣ። ሴቶች ልጆች በነጭ ቀሚስ እያሸበሸቡ ከፊት፣ እኛ ዶሮ አቅፈን ከኋላ። አባ ስብከታቸውን ሦስት ጊዜ ጀመሩ፣ ሦስት ጊዜ ዶሮ ጮኸ። ጴጥሮስን አስታውሰው መሰለኝ፣ ዝም ብለው ተቀመጡ።

ታዲያ ለምንድነው የሚሰማቸው ትሉ ይሆናል። ሚስቴ ሞካምቦ ድንበር ላይ ስለምትነግድ አብዛኛውን ሳምንት የለችም። ልጄን ኩንዳን መጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ። ጸጉሯን እንደምንም ያዝኩት፣ ካልሲዋን ገልብጬ አለበስኳት፣ ጉልበቷ እንደ አመድ ነጭ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ እግሬን አቅፋ አልላቀቅ አለች። የንሶፍዋ እናት ምንም አልጠየቁኝም። ከጉያቸው ባዝሊን አወጡ፣ ተንበረከኩ፣ ሁለቱን ጉልበቷን እስኪያበራ ቀቡት፣ ካልሲውን መለሱት። ከዛ፣ "አባትሽ እንጉዳይ ነው፣ ከእንጉዳይ ጋር ውጪ ከቆምሽ ፀሐይ ያደርቅሻል፤ ግቢ" አሏት። ልጄ እየሳቀች ገባች።

እንጉዳይ ያሉኝ በጎሳዬ ነው። እኔ በእናቴ የእንጉዳይ ጎሳ ነኝ፣ እሳቸው የዝናብ ጎሳ። ዝናብ ከሌለ እንጉዳይ አይበቅልም፣ ስለዚህ ሁለቱ ጎሳዎች ከጥንት ጀምሮ እንዲሰዳደቡ ተፈርዶባቸዋል። መቆጣት ክልክል ነው። አንዱ ሲሞት ደግሞ የሚቀብረው ሌላው ነው፤ መቅበር ብቻ ሳይሆን ሬሳውን ፊት ለፊት እየሰደበ ይቀብረዋል። ስለዚህ በሌላ ነገር "እርስዎ" የምላቸውን ሴትዮ፣ ስድብ ሲሆን "አንቺ" ብዬ እነሳባቸዋለሁ። አፌ የሚፈታው በዚህ ብቻ ነው።

ኩንዳ ዘንድሮ የመጀመሪያ ቁርባኗን ልትቀበል ነው። የልምምዱን ሰዓት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። አንድ ከሰዓት አንድ የጭነት መኪና ጎማ ይዞኝ ኩንዳን ከልምምዱ ለመውሰድ ዘገየሁ። ግሩፑ ላይ፣ ወላጅ ሁሉ እያየ፣ ይህን ጻፉ።

"አንተ የበሰበስክ እንጉዳይ፣ ልጅህ በረንዳ ላይ ናት። መርዛም ባትሆን ኖሮ ቀቅዬ እበላህ ነበር። ቆይ፣ በገዛ እጄ ነው የምቀብርህ።"

እኔም ከጎማው ሥር ሆኜ መለስኩ። "አንቺ ሲለምኑሽ የምትጠፊ፣ ልብስ ሲሰጣ የምትመጪ ዝናብ። አንቺን ለመቅበር አካፋውን ከሳልኩት ቆየሁ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ግሩፑን የሚያነቡት አዲሷ ርዕሰ መምህርት ሲስተር ሊሳማ ግን አልሳቁም። ከህንድ ከመጡ ገና ነው። ቋንቋችንን ቤምባን የተማሩት ከመጽሐፍ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ያውቃሉ። መጽሐፉ ስለ ዝናብና ስለ እንጉዳይ አይናገርም።

ዓርብ አስጠሩኝ። ወንበር ሰጡኝ፣ በሩን ዘጉ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ልጅ የሌላት ሴት በወላጆች ግሩፕ ላይ አንድን አባት በሞት ስታስፈራራ ዝም ብለው እንደማያዩ ነገሩኝ። ስለ ዶሮውም ሰምተዋል። ጸሐፊያቸው ጨዋታ ነው ብትላቸው፣ ባስተማሩበት አገር ሁሉ ጉልበተኛ ሲያዝ ጨዋታ ነው የማይል እንደሌለ ነግረዋታል። የተናገሩት ለኔ አዝነው ነው። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ምላሴ ይተሳሰራል። "ስድብ አይደለም" አልኳቸው። "አይፍሩ" አሉኝ። "እኔም ሰድቤያታለሁ" አልኳቸው። "ራስዎን ሲከላከሉ ነው" አሉኝ። አፌን በከፈትኩ ቁጥር ይበልጥ የተበደልኩ ሆንኩ። በመጨረሻ ሰኞ በወላጆች ስብሰባ ላይ፣ በራሴ ስልክ፣ በራሴ ጣት፣ የንሶፍዋን እናት ከግሩፑ እንዳስወጣ ወሰኑ። ከበሩም ይነሳሉ።

ለሳቸውም የዛኑ ቀን ተነገራቸው። ጀሪካናቸውን አንስተው ሄዱ።

ቅዳሜና እሁድ እንቅልፍም ሥራም አልያዘኝም። የተለጠፈ ጎማ መልሼ እፈታለሁ። ስልኬን አወጣለሁ፣ እከታለሁ። ግሩፑ ላይ አንዱ የቁርባኑ ሻማ ረጅም ነው አጭር ብሎ ጠየቀ። መልስ የለም። ሌላዋ ሰኞ ትምህርት አለ ወይ አለች። መልስ የለም። ወላጅ ሁሉ እንደኔው ይቁነጠነጥ ጀመር። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ የንሶፍዋ እናት ፊት ለፊት መጡ። ስድቡን ጠበቅኩ። ተጠግተው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ "ደህና ዋሉ የኩንዳ አባት" ብለውኝ አለፉ። እርስዎ አሉኝ። ከዛ በላይ ያስደነገጠኝ ነገር ትዝ አይለኝም። ኩንዳ እጄን ጎተት አድርጋ ታመዋል እንዴ አለችኝ።

ሰኞ አዳራሹ ሞላ። ሲስተር ከፊት አስቀመጡኝ፣ ለተበደለ ሰው የሚሰጠውን አንድ ብርጭቆ ውሃም ሰጡኝ። የንሶፍዋ እናት ከኋላ በሩ ጋ ቆመዋል፤ ወንበር ቢሰጣቸውም አልተቀመጡም። ሲስተር ጉዳዩን በአጭሩ ተናግረው ወደኔ ዞሩ። ስልኬን አወጣሁ። ስማቸውን አገኘሁት። ጣቴ ላይ የጎማ ሙጫ ነበር፣ አሁን ግን ማንም አልጠረገልኝም።

ተነሳሁ። "ሲስተር፣ ይቺ ሴት የምትቀብረኝ ናት" አልኩ።

ሲስተር ጭራሽ ፊታቸው ተለወጠ፣ በሩን የሚጠብቀውን ዘበኛ ፈለጉ። ሰው መሳቅ ሲጀምር እኔ ቶሎ ቶሎ ማለት ጀመርኩ። እናቴ የሞተች ጊዜ፣ አልኩ፣ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር። ሬሳው ከቤት ሲወጣ የንሶፍዋ እናት ሣጥኑ ፊት መንገድ ላይ ተጋደሙ። "አንቺ ሰነፍ እንጉዳይ፣ ገና ዝናቡ ሳያባራ የት ትሄጃለሽ? ድሮም ከሰው ቀድመሽ መተኛት ትወጂ ነበር" ብለው እናቴን ሰደቧት። ሳቅኩ። ሳቄ ወደ ለቅሶ ሄደ፣ ለቅሶው ሲያልቅ ራበኝ። ንሺማውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ በእጄ ያስያዙኝም እሳቸው ናቸው።

"እኔም ስሞት እንደዛ ካልተሰደብኩ ልጄ አትበላም" አልኩ። "የምትቀብረኝን ሰው ማስወጣት አልችልም፣ ሲስተር። እኔን አስወጡኝ።"

ተቀመጥኩ። ውሃውን በአንድ ጊዜ ጨረስኩት። ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው ወደ በሩ አዩና፣ እርስዎስ ምን ይላሉ አሏቸው።

የንሶፍዋ እናት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሲስተር፣ እሱን አይስሙት። እንጉዳይ ነው፤ ጭንቅላቱ ሰፊ፣ እግሩ አንድ። ዛሬ ቆሞ የተናገረው ትናንት ማታ ስለዘነበ ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዝናብም ከእንጉዳይም ወገን ያለው ሁሉ እየተነሳ ጎረቤቱን መስደብ ጀመረ። ሲስተር መጀመሪያ ጠረጴዛውን ይዘው ቆሙ፤ በኋላ ጸሐፊያቸው ጨዋታውን በጆሮአቸው ስታስረዳቸው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ፍርዳቸው ይህ ሆነ። የንሶፍዋ እናት ግሩፑ ውስጥ ይቆያሉ፣ በሩም ላይ ይቆማሉ። ግን በየሳምንቱ ቢሮ ገብተው ማስታወቂያውን ከሲስተር እጅ ይቀበላሉ፣ አንድ ቃል ሳይጨምሩም ያስተላልፋሉ። የንሶፍዋ እናት ማሉ። ሲምሉ ግን ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ያኔውኑ እየጨመሩ ነው።

አሁን በየሳምንቱ ወረቀቱን ይዘው ከቢሮ ሲወጡ ማየት ነው። ሙሴ ከተራራው ሲወርድ እንዲህ አልተንጎራደደም። ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። "ወላጆች፣ የእሁዱ ቁርባን፣ ነጭ ካልሲ፣ አጭር ሻማ። ዶሮ የለም። ሲስተር አላሉም እንጂ ጉልበትም ይቀባ። አሁን በእውነት ከውስጥ ነው የሰማሁት። አልነገረችንም እንዳትሉኝ።" ከሥሩ ደግሞ፣ "አንተ ሻጋታ፣ ካልሲውን ገልብጠህ ብታለብሳት እንደ ጎማ ነው የምለጥፍህ።"

ቁጭ ብዬ የሚመጥን መልስ ፈለግኩ። አንድ አለኝ። እናቴን ከቀበርንበት ቀን ጀምሮ ስሠራው የኖርኩት፣ እስከዛሬ ለማንም ያልነገርኩት፣ ከምናውቀው ስድብ ሁሉ የሚበልጥ ስድብ ነው። ያስቀመጥኩት ለቀብራቸው ነው። መቃብሩ አፍ ላይ ቆሜ ስናገረው ሙፉሊራ በሙሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

እሁድ ኩንዳ ስትቆርብ የምጸልየው አንድ ነገር ነው፤ ያ ስድብ ሳልጠቀምበት አብሮኝ እንዲቀበር።