የጋሽ ሽፈራው ጋቢ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ያለው ሰው፣ ጎረቤቱ ቫርኒሽ የሚረጭ እንዳልነበር እርግጠኛ ነኝ። ደግሞስ ፀባያችን አይገርማችሁም? ጎረቤት አጥራችንን አንድ ስንዝር ቢገፋ ፍርድ ቤት እንቆማለን፤ ሳንባችንን ቢገፋ ግን «ቻሉት፣ እንጀራው ነው» እንባባላለን። አጥር ይታያላ!

ለቡ መብራት ኃይል፣ ከተከራየነው ቤት አጥር ጋር ተለጥፎ የጋሽ ታምሩ የቤት ዕቃ መሥሪያ አለ። እዚያ ርጭት ሲጀመር እዚህ ታናሽ እህቴ ሐናን ሳል ትጀምራለች። አስም አለባት። ሐኪሙ «ወይ ሽታው ይራቅ፣ ወይ እናንተ ራቁ» ብሏል። በዚህ የኪራይ ዘመን ወዴት እንርቃለን? እማዬ ወረዳ ሄዳ አመለከተች። አቤቱታ ተቀባዩ አዘነላትና «እናቴ፣ ሽታ ማስረጃ አይሆንም፤ የሚታይ ነገር ያምጡ» አላት። እሷም ሳሉን ልታሳይ ሐናንን ይዛ ወደ ወረዳው ተመለሰች። ሳል ግን ቀጠሮ አያከብርም፤ ልጅቷ ወረዳ ስትደርስ ጤነኛ ሆና ቁጭ አለች።

ጋሽ ታምሩ መከሰሳቸውን ሲሰሙ ሽማግሌ ሰብስበው ወደ መሥሪያቸው ጠሩን። የሽማግሌዎቹ አውራ ጋሽ ሽፈራው ለበዓል ብቻ የሚወጣውን ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። ጋሽ ታምሩ ለስላሳ ሊያመጡ ዞር ሲሉ፣ ጋሽ ሽፈራው ካሉት ወንበሮች ሁሉ የሚያብረቀርቀውን መርጠው ተደላደሉበት። እኔ ጠዋት ሲረጭ በአጥር ቀዳዳ አይቼዋለሁ።

«አባባ፣ ወንበሩ…» አልኩ። ድምፄ ድሮም ከጉሮሮዬ ብዙ አይርቅም።

«አንቺ ልጅ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር ይደመጣል!»

ተደመጡ። ጋሽ ታምሩም ጠርሙሶቹን ይዘው ሲመለሱ ወንበሩን አይተው ክው አሉ፤ ግን ማን ደፍሮ ያቋርጣል? ጋሽ ሽፈራው ስለ ትዕግሥት ረጅም ምክር ለግሰው ወደ እማዬ ዞሩ።

«ደግሞ ሽታ ምንድነው ልጄ? መጥቶ ያልፋል። የሚጣበቅ ነገር መሰለሽ እንዴ?»

ሊመርቁ ሲነሱ ወንበሩም አብሯቸው ተነሳ።

ሁለት ሰው ወንበሩን፣ ሁለት ሰው ጋሽ ሽፈራውን ይዞ ጎተተ። ጋቢው ለሁለት ተከፈለ። «ሰው በሚኖርበት መሃል ይሄ መርዝ ይረጫል እንዴ? ይሄማ ወንጀል ነው!» አሉ ጋሽ ሽፈራው። ስንት ወር የተንከራተተው አቤቱታችን እዚያው እንደቆምን ተፈረደለት፤ ርጭቱ ከሰፈሩ ይውጣ፣ ጋቢውም ይተካ።

አሁን ሐናን ደህና ትተኛለች። ርጭቱ ወደ መካኒሳ አቦ፣ ሌላ ግቢ ተዛወረ ሲባል እማዬ እጇን ዘርግታ አመሰገነች። ሐናን ግን ትንሽ አሰበችና፣

«እማዬ፣ እዚያስ ጋቢ የሚለብስ ሰው አለ?» አለች።