የአሻንጉሊቷ ነጭ ቀሚስ

የስፌት መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች «ቀላል» የሚለውን ቃል ይወዱታል። ቀላል ስፌት ለልጆች፣ ቀላል ልብስ ለአሻንጉሊት። ልጅ ያሳደጉ አይመስለኝም።

እኔ ድሬዳዋ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠላሳ አምስት ዓመት ሠርቼ፣ ባልም ዓይንም ሳይተርፈኝ፣ ባለፈው ዓመት ወደ ሆሳዕና ተመለስኩ። ያረፍኩት ታላቅ እህቴ ቤት ነው። እታለም እላታለሁ። የምታሳድጋት የልጅ ልጅ አለቻት፣ ቤተል የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ። እኔን «ትንሿ አያቴ» ትለኛለች። ሰባ አልፎኝ ትንሿ መባሌ እዚህ ከተማ ያገኘሁት ብቸኛ ደግ ነገር ነው።

ለቤተል ከአሮጌ ካልሲ አሻንጉሊት ሠራንላት፤ ጥጥ ሞላናት፣ ቁልፍ ዓይን አደረግንላት። ግን ራቁቷን ናት። በእኔ ልጅነት አሻንጉሊታችን የበቆሎ እሸት ነበረች፤ ጸጉሯም ልብሷም አብሯት ይበቅላል። ሲርበን ልብሷን አውልቀን፣ ጠብሰን እንበላታለን። ይህን ለቤተል ብነግራት ታለቅስብኛለች። ስለዚህ አንድ የስፌት መጽሐፍ ይዤ ላስተምራት ተነሣሁ። ጨርቁን እጠፊው፣ ከላይ ለአንገቷ ቅደጂ፣ ሁለቱን ጎን ስፊ፣ አለቀ። ጨርቅ ከየት ላምጣ አለችኝ። ማንም ከማይለብሰው አልኳት። መጽሐፉ የሚለው እንደዚያ ነው፤ ምን ላድርግ?

ቅዳሜ እታለም ለጸሎት ፕሮግራም ሄዳ፣ እኔም በወፍራም መነጽሬ ንባብ ላይ አንገቴን ደፍቼ ሳለ፣ ልጅቱ አሻንጉሊቷን አልብሳ መጣች። ነጭ ቀሚስ። ስፌቱ ወዲያ ወዲህ ቢልም ያምራል። ጎበዝ አልኳት። ከዚያ ከታች ያለውን ጥለት አየሁት። ተነሥቼ የእታለምን ሣጥን ከፈትኩ።

እታለም ሣጥን ውስጥ ፎንቆ ከተማ ወርዳ ያሸመነችው ኩታ አለ። ለሠርግ አትለብሰው፣ ለጎረቤት አታውሰው። በየወሩ ፀሐይ ታስመታውና አጥፋ ትመልሰዋለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። በእኛ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጨርቅ የሚቀመጠው ለመጨረሻው ቀን ነው። ልጅቱ ምን አጠፋች? ማንም የማይለብሰው እሱ ነው!

እታለም ደግሞ ደም ግፊት አለባት። ቀዳዳውን አይታ እንደ መጥፎ ምልክት ብትቆጥረውስ? ደንግጣ እዚያው ብትወድቅስ? በተቀደደ ኩታ ልቀብራት ነው? ሁለት ጊዜ ልጥፍበት ሞከርኩ፤ ይብሱን አስጠላ። ቀዳዳውን ወደ ውስጥ አድርጌ አጠፍኩት። ሬሳ ዘርግቶ አያይ፣ ብዬ አሰብኩ። ወዲያው በራሴ አፈርኩ። ግን አልዘረጋሁትም።

ሰኞ እታለም ኩታውን ፀሐይ ልታስመታ ሣጥኑን ከፈተች። ዛሬ ይዘንባል አልኳት። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። ገመድ ላይ ስትሰቅለው ብርሃኑ በቀዳዳው አልፎ ፊቷ ላይ አረፈ። በሀዲይሳ መናገር ጀመረች። ስትቆጣ ትፈጥናለች፤ ድሬ ላይ የዛገው ጆሮዬ አይደርስባትም። መጨረሻ ላይ ቀስ ብላ፣ ማነው የቀደደው አለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«በዚህ ዕድሜሽ አሻንጉሊት ታለብሻለሽ?»

ቤተል ከበሩ ኋላ ብቅ አለች። «ማንም ከማይለብሰው ቁረጪ ብላኝ ነው!» ብላ አጋለጠችኝ።

«እታለም፣ በእግዚአብሔር አትናደጂ» አልኳት። «ከዚህ የተሻለ አሸምንልሻለሁ። ደግሞ ገና ብዙ ትኖሪያለሽ፤ ምን አስቸኮለሽ?»

እታለም አሻንጉሊቷን ከቤተል ተቀብላ ገለባበጠቻት።

«ለእኔ?» አለች። «የእኔማ ከሥር አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ነው ያሸመንኩት። ይሄ ያንቺ ነው። ድሬ ብቻሽን ብትሞቺ ሬሳሽን አስመጥቼ በራሴ ጨርቅ ላለብስሽ ብዬ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ለማን ፀሐይ የማስመታው መስሎሽ ነው?»

የሚያስበኝ የለም እያልኩ ስንት ዓመት ሰው ሳማ ኖሬያለሁ። ሰው የራሱን መቀበሪያ ልብስ አሻንጉሊት ለብሳው ሲያይ ምን ይላል? ካነበብኩት ሁሉ ውስጥ ይህ አላጋጠመኝም።

«ቤተል» አልኩ፣ «መቀሱን አምጪ። ከዚሁ ኩታ ለአሻንጉሊትሽ ጋቢም እንቁረጥላት፤ ሆሳዕና ይበርዳል።»