ከአቡጀዲው ጀርባ

የልጅ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት በመጣች ቁጥር አንድ አዲስ ነገር ታስተምረኛለች። ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ የኖርኩ ሴት መሆኔን እያወቀች አታፍርም። ባለፈው የቤተሰብ ዓይነቶችን ዘረዘረችልኝ። አባት፣ እናትና ልጆች ብቻ ያሉበት አለ፤ አያትና አጎት የተጨመሩበት አለ፤ አንድ ወላጅ ብቻውን የሚያሳድግበት አለ፤ ከሁለት ትዳር የመጡ ልጆች የተቀላቀሉበት አለ። ሁሉም በየስሙ፣ እንደ ገበያ ጤፍ ነጭና ሰርገኛ ተብሎ ተለይቷል። በመጨረሻ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ «እማማ፣ የእናንተስ የቱ ነበር?» አለችኝ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ።

እኔ ያደግኩት ከሶዶ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቦዲቲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ አባትና ሁለት እናቶች ባሉበት ግቢ ነው። ትልቋ እናቴ ወለደችኝ። ትንሿ እናቴ፣ የአባቴ ሁለተኛ ሚስት፣ የራሷ ልጅ ስላልነበራት እኔን ወሰደችኝ። ማንም አልሰጣትም፣ ማንም አልከለከላትም። ቤቶቻቸውን የሚለየው የእንሰት ተክል ብቻ ነበር፤ እኔ በቅጠሉ ሥር እየተሽሎከለኩ እዚያ እበላለሁ፣ እዚህ እገረፋለሁ፣ ተመልሼ እዚያ አለቅሳለሁ። የምተኛው ትንሿ ዘንድ ነው። ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር በረመጥ ቀብራ ትኩሱን በእጇ እያገላበጠች የምታጎርሰኝ እሷ። ሁለቱ ሴቶች በቅቤ ይጣላሉ፣ በዶሮ ይጣላሉ፣ የሚጣሉበት ሲያጡ በእኔ ይጣላሉ። አንዷ ስትታመም ግን ሌላዋ እህል አይወርድላትም። ይህን የመሰለውን ፍቅር የልጅ ልጄ ደብተር ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

አሥራ ዘጠኝ አምሳዎቹ እንደገቡ አባቴ ጌታን ተቀበለ። ደስ ብሎናል፤ መጠጥ ተወ፣ ድምፁም ለሰለሰ። ነገር ግን ተጠምቆ ከምእመናን ሊቆጠር የፈለገ ሰው አንዲት ሚስት ብቻ ሊኖረው ይገባል ተባለ። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ወራት ሙሉ እየመጡ ጸለዩ፣ ከእኛም ጋር አለቀሱ። በመጨረሻ የተወሰነው ይህ ነው፦ ቀድሞ ያገባት ሚስት ሆና ትቀጥላለች። ትንሿም ሜዳ ላይ አትጣልም፣ ቤቷም እንሰቷም የራሷ ነው፤ ከእንግዲህ ግን ለአባቴ የእምነት እህቱ ናት። እህቱ ከሆነች እኔ ምን ልበላት? አባቴ አስቦበታል። ቅዳሜ እናቴ ሆና የዋለችው ሴት እሑድ አክስቴ ሆነች።

በእንሰቱ መካከል አጥር ቆመ። እኔም ወደ ትልቁ ቤት ተዛወርኩ። አባቴ አጠገቤ ቆሞ «አክስቴ በያት» ሲለኝ አንድ ቀን አልኳት። ዘወር ብላ የተነጠፈውን ቆጮ ደጋግማ ማገላበጥ ጀመረች፤ የዚያ ቃል ምሬት እስከ ዛሬ ከአፌ አልወጣም።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ፎቶ አንሺ መጣ። የሶዶ ምእመናን የቤተሰባቸውን ፎቶ ግድግዳ ላይ መስቀል ጀምረው ነበርና አባቴም የአንድ ሚስት ባል መሆኑ በመስታወት ውስጥ እንዲታይለት ፈለገ። እኔ ደግሞ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ፎቶ ውስጥ የገባ ሰው ከቤተሰብ የሚወጣ አይመስለኝም። ትንሿ እናቴ ከገባች አለቀ፣ ተመልሳ እናቴ ትሆናለች። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ሄድኩና «ትፈለጊያለሽ» አልኳት። ማን እንደፈለጋት አልጠየቀችም። ፊቷን ታጠበች፣ ፀጉሯን ቅቤ ነካ አደረገች፣ ለበዓል ያስቀመጠቻትን ነጠላ ለብሳ እጄን ይዛ መጣች።

ፎቶ አንሺው ለፎቶው ጀርባ የሚሆነውን ነጭ አቡጀዲ በሁለት እንጨት ላይ ወጥሮ ጨርሷል። አባቴ፣ ትልቋ እናቴና ሁለቱ ወንድሞቼ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል።

«እሳቸውስ የት ይቁሙ?» አለ ሰውየው።

አባቴ መሬት መሬት አየ። ቤታችን የሚነገረው ወላይትኛ ስለሆነ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይለትም። «እሱ እህት ነው» አለ። «የጌታ እህት።»

«እንግዲያው ቤተሰብ ብቻ።»

እኔ ነጠላዋን ጨብጬ አልለቅም አልኩ። አባቴ ተቆጣ፣ ወንድሞቼ ሳቁ፣ ትልቋ እናቴ ፊቷን አዞረች። በዚህ መሃል ከዳሞታ ተራራ በኩል ነፋስ ተነሣና አንደኛውን እንጨት ጣለው። ፎቶ አንሺው አቡጀዲውን የሚይዝለት ሰው ለመነ። ትንሿ እናቴ ጎንበስ ብላ ጣቶቼን ከነጠላዋ አንድ በአንድ አላቀቀች።

«ሂጂ ልጄ፣ ተቀመጪ» አለችኝ በወላይትኛ። «ከኋላሽ ነኝ።»

ሙቀጫ ደፍታ ላዩ ላይ ቆመችና የአቡጀዲውን ጫፍ በእኔ በኩል ከፍ አድርጋ ያዘች። የለበሰችው የበዓል ነጠላ ከዚያ ነጭ ጨርቅ ጀርባ ቀረ። ፎቶ አንሺው ጥቁር ጨርቁ ውስጥ ራሱን ቀበረ። ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር።

ፎቶው ታጥቦ ከሶዶ ሲመጣ ሁላችንም ከበብነው። አባቴ ቀጥ ብሏል፣ እናቴ ደንግጣለች፣ እኔ አኩርፌያለሁ። ልክ ከእኔ ራስ በላይ ደግሞ የአቡጀዲውን ጫፍ የጨበጡ አራት ጣቶች ጉልህ ሆነው ይታያሉ።

«ከላይ በመቀስ ላስተካክለው» አለ ፎቶ አንሺው አፍሮ። አባቴ ራሱን በመነቅነቅ ሊስማማ ሲል፣ በቅቤና በዶሮ ስትጣላት የኖረችው ትልቋ እናቴ ፎቶውን ነጠቀችው።

«አይቆረጥም» አለች። «ማን ይዞን እንደተነሣን ይታይ።»

ፎቶው እንዳለ ተሰቀለ፤ አጥሩ ግን አልፈረሰም። ትንሿ እናቴ ከአጥሩ ማዶ ኖራ ከአጥሩ ማዶ ሞተች። እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ነበርኩና አልደረስኩም። ሌላ ፎቶ የላትም። ፊቷ እየጠፋብኝ ነው፤ ስትስቅ የትኛው ጉንጯ እንደሚሰረጉድ አንዳንድ ቀን አስታውሼ አንዳንድ ቀን አጣዋለሁ። በጣም ትናፍቀኛለች።

ለልጅ ልጄ ፎቶውን ከግድግዳ አውርጄ ሰጠኋት። አየችው፣ ሰዎቹን ቆጠረች፣ ደስ አላት። «አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆች። ይኼማ ቀላሉ ነው!» ብላ መጻፍ ጀመረች። ትንሽ እንደቆየች እስክሪብቶዋ ቆመ። መስታወቱን በእጅጌዋ ጠረግ ጠረግ አደረገችው።

«እማማ፣ ከአንቺ ራስ በላይ መስታወቱ ደብዝዟል። አይለቅም እኮ።»

«እሱን ተዪው» አልኳት። «ስንት ዓመት የእኔ ጣት ያረፈበት ነው።»