ቁጥርህን ሰቅለሃል?

የሸራ ጀልባ ክለብ ሁሉ አንድ ነዝናዛ ሽማግሌ አያጣም። ጀልባ ሊያጣ ይችላል፣ ጣሪያው ሊያፈስ ይችላል፣ ነዝናዛው ግን አይጎድልም። ሜልበርን ዳርቻ፣ ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ አምስት ደቂቃ በእግር ለሚያስኬደው ክለባችን የደረሱት ክቡር አቶ ሜርቪን ታክዌል ነበሩ።

ማዕረጋቸው የሰሌዳ ጠባቂ ነው። ማንም አልሾማቸውም፤ ማንም ሊሽራቸው አልደፈረም። ሰሌዳው በጀልባ መጋዘኑ በር ላይ የተቸነከረ ጣውላ ሲሆን ስልሳ ሚስማሮችና ቁጥር የተቀረጸባቸው ስልሳ ትንንሽ ነሐሶች አሉት። ወደ ባሕር የሚወጣ ሰው ቁጥሩን አንሥቶ ኪሱ ይከታል፣ ሲመለስ መልሶ ይሰቅላል። ይኸው ነው። አንድ ሚስማር ባዶ ከሆነ ግን የክለቡ ባንዲራ አይወርድም፣ ባሩም አይከፈትም።

«ቁጥርህን ሰቅለሃል?» ይሉ ነበር። እንደምን ዋልክ የሚባል ነገር አያውቁም። ጀልባ ከነካሁ አራት ቀን ሆኖኝ ሱፐርማርኬት ድንች ስመርጥ ከኋላዬ መጥተው ጠይቀውኛል።

ክለቡ የሰፈሩ ሁሉ ነው። ምርጫ ሲደርስ ድምፅ የሚሰጠው እዚያ ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊቶች ስፖርት ይሠሩበታል፤ ለሠርግም ለሐዘንም ይከራያል። ክቡርነታቸው ግን ሙሽራና መርከበኛ አይለዩም። አንዲት ሙሽራ ፎቶ ልትነሣ ጀልባ ላይ ብትወጣ፣ ስትመለስ እንግዳ ሁሉ እያየ ከነቬሏ ቁጥር አሥራ አንድን አሰቅለዋታል። «እንኳን ደስ ያለሽ» ያሏት ከሰቀለች በኋላ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ከአርባ ዓመት በፊት፣ ሰሌዳው ሳይኖር፣ ኮሊን ፕራውስ የሚባል ሰው ከውድድር ሳይመለስ ቀረ። ባሩ ውስጥ የነበሩት ቤቱ ሄዷል ብለው ጠጡ። ቤቱ የነበሩት ደግሞ ባሩ ውስጥ ነው ብለው ተኙ። ሰኞ ጠዋት ውሻውን ያንሸራሽር የነበረ ሰው አገኘው። ከጠጪዎቹ አንዱ አቶ ሜርቪን ነበሩ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጣውላና ሚስማር ይዘው መጡ። ይህን የነገሩኝ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኖሪን ናቸው እንጂ እሳቸው ለእኔ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። እኛም ለንዝነዛቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ስንል ዓመታት አለፉ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። ቁጥሬ ሠላሳ አራት ነው። አምና በሐምሌ ብርድ ውድድሩ እንዳለቀ ዝናብ ጣለ። ልብሴን ቀየርኩ፣ መጠገን የነበረባትን ጀልባዬን መኪናዬ ኋላ አሠርኩና ወደ ቤቴ ነዳሁ። ቁጥሬ እርጥቡ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ቀረች፤ ስልኬም እዚያው።

ክለቡ ውስጥ ሰዉ ሁሉ ተጠምቷል። «ኧረ አቶ ሜርቪን፣ ግሌን ሄዷል፤ መኪናውም የለም» አሏቸው።

«የኮሊንም መኪና አልነበረም። ያደረሰችው ሚስቱ ናት» አሉና የነፍስ አድኗን ጀልባ አስነሡ።

ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። እኔ ሶፋዬ ላይ እግሬን ዘርግቼ ትኩስ የሥጋ ፓይ እየበላሁ እግር ኳስ ሳይ፣ እሳቸው በደቡብ ነፋስ ሦስት ሰዓት ሙሉ ፈለጉኝ። በመጨረሻ አንድ ሰው ቤቴ መጥቶ በሬን ባይደበድብ ኖሮ አሁንም ይፈልጉኝ ነበር።

በማግሥቱ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። ስድብ ጠብቄ ነበር።

«ቁጥርህን ሰቅለሃል?» አሉኝ እያሳሉ።

«ሰቅያለሁ።»

የሰሌዳውን መዝገብ ገልጠው አሳዩኝ። «ቁጥር 34። ሦስት ሰዓት ተፈለገ። ቤቱ ተገኘ» ይላል። ከዚያ ከደኑት። ያን ጉዳይ ዳግመኛ አላነሡብኝም።

ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም። በመጋቢት ሞቱ። «ሐኪሙ ሳንባው ድሮም ደካማ ነው ብሏል» አሉኝ ወይዘሮ ኖሪን። ይህን ሲሉኝ ዐይኔን አላዩኝም።

አስከሬናቸው ተቃጥሎ ነበርና ባለፈው ቅዳሜ አመዳቸውን ባሕር ላይ ልንበትን ወጣን። ወይዘሮ ኖሪን ከመሳፈራቸው በፊት የባላቸውን ቁጥር፣ ዘጠኝን፣ ከሚስማሩ አነሡ። «ቁጥሩን ሳይይዝ ወጥቶ አያውቅም» አሉ። ማን ይከራከራል።

አመዱን በትነን ተመለስን። ባሕር የወጣነው ሁሉ ተራ በተራ ሰቀልን። ዘጠኝ ባዶ ነበር። ወይዘሮ ኖሪን ነሐሷን ጨብጠው ቆመዋል።

«ይስቀሉት እንጂ» አሏቸው የክለቡ ሊቀ መንበር በለሆሳስ።

«እሱ አልተመለሰማ» አሉ።

ሰማንያ ለቀስተኛ ቆመ። የባሩ ሰውዬ ቁልፉን እንደያዘ ቀረ። የሳንድዊቹ ጠርዝ ይደርቃል።

«ሜርቪን ቢኖር ምን ያደርግ ነበር?» አለ አንዱ።

«አይከፍትም» አለው ሌላው።

ይህን ስሰማ አላስቻለኝም። ሠላሳ አራትን ከሚስማሯ አንሥቼ የነፍስ አድኗን ጀልባ ገፋሁ። ወዴት ነው ያለኝ የለም።

አመዱን የበተንንበት ቦታ ደርሼ ዞርኩ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም፤ ግን ፈለግሁ። ነፋሱ ከደቡብ ነበር፣ ጣቶቼ ደነዘዙ። እያንዳንዱ ማዕበል ሲጎብጥ የሰው ራስ ይመስላል። አቶ ሜርቪን እነዚህን ሁሉ የእኔ ራስ እየመሰሏቸው ሦስት ሰዓት አይተዋል። እኔ ደግሞ ከቤቴ ሆኜ ፓዩ ጨው አነሰው ብያለሁ። ያን ነዝናዛ ሽማግሌ እወዳቸው ነበር፤ ይህን በሕይወት እያሉ አልነገርኳቸውም።

ሦስት ሰዓት ሞልቶ ስመለስ አንድም ሰው አልሄደም፤ አንድም ሰው አልጠጣም።

«አገኘኸው?» አሉኝ ወይዘሮ ኖሪን።

«አላገኘኋቸውም።»

መዝገቡን አስመጡና ቆመው ጻፉ። ከትከሻቸው በላይ አነበብኩት፦ «ቁጥር 9። ሦስት ሰዓት ተፈለገ። አልተገኘም።» ከዚያ ነሐሷን በሚስማሯ ላይ ሰቀሉ። ባንዲራው ወረደ። ሰዉ ወደ ባሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ እኔም አብሬ።

ወይዘሮ ኖሪን ግን ከሰሌዳው ፊት አልራቁም። ሚስማሮቹን በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆይተው አንዱ ላይ ቆሙ። ዐይኔን ያዩኝ ያኔ ነው።

«ግሌን» አሉኝ፣ «ቁጥርህን ሰቅለሃል?»

እጄን ኪሴ ከተትኩ። እዚያው ነበረች።