ሳልጠጣ የሞቀው ፊቴ

«ልጄ፣ ለሽምግልና የሚሄድ ሰው ሞቅ ብሎት ይሄዳል?» አሉኝ ጋሽ አያልነህ፣ ዳንግላ መናኸሪያ ከሚኒባሱ እንደወረድን ፊቴን አንዴ አይተው።

«አልጠጣሁም፣ ጋሼ።»

«እሱን የጠጣ ሁሉ ነው የሚለው።»

ፊቴን ስለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። በአማርኛ ቀይ መሆን ጌጥ ነው፤ ሙሽራ ቀይ ከሆነች ዘመዱ ሁሉ የገዛ ሥራው ይመስል ይኩራራል። መቅላት ግን ሌላ ነው። የቀላ ሰው ወይ ተቆጥቷል፣ ወይ አፍሯል፣ ወይ ቀምሷል። አራተኛ ምክንያት አላዘጋጀንም።

እኔ የምኖረው አራተኛው ውስጥ ነው።

ጉንጬና አፍንጫዬ ይቀላሉ፣ ይለበልቡኛል፣ አንዳንዴም ብጉር የሚመስል ያወጣሉ። መጀመሪያ ብጉር ነው ተባልኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ብጉር ማውጣት ወጣትነት መስሎኝ በልቤ ደስ አለኝ። ቀጥሎ አንዲት ደግ ጎረቤቴ ሐኪም ያላዘዘው ቅባት ሰጠችኝ። ለጥቂት ቀን ፊቴ የሕፃን ፊት ሆነ። ከዚያ እሳት። ባሕር ዳር ያየችኝ የቆዳ ሐኪም ቅባቱን ገልብጣ አነበበችና «ይህን ማን ሰጠህ?» ስትለኝ ጎረቤቴን አሳልፌ አልሰጠሁም።

«ሮዜሽያ ይባላል» አለችኝ። አይጋባም፤ ጠጪ ስለሆኑም አይመጣም። ጨርሶ አይነቀል ይሆናል፣ ግን የሚቀሰቅሰውን ካወቁበት ይገራል፦ ፀሐይ፣ ሙቀት፣ ንፋስ፣ ትኩስ ሻይ፣ የሚያቃጥል ምግብ፣ አረቄ፣ ጭንቀት። ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ፣ የማይቆጠቁጥ ሳሙና፣ እሷ ያዘዘችው ቅባት፣ ትዕግሥት። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይጎላ ብዙ ሰው ሳያውቀው ተሸክሞት ይኖራል አለች። እኔ እንኳ በዚያ አልታማም፤ የእኔን አገር ያውቀዋል።

እስቲ ይህን ትእዛዝ አዊ ውስጥ አክብራችሁ ኑሩ! እንጅባራ ብርድ ነው፤ እንግዳ የሚከበረው ከሰሉ አጠገብ ተቀምጦ ነው። ድንቹ የሚቀርበው በሚያቃጥል ዳጣ ነው። አረቄውን እምቢ ካላችሁ «ምን በደልንህ?» ትባላላችሁ። ሁሉንም እምቢ እያልኩ በአንድ ክረምት ኩሩ ተባልኩ። ፊቴ ደግሞ ሰካራም አስባለኝ። ኩሩ ሰካራም። ሁለቱን ስም አንድ ላይ የያዘ ሰው ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

ጓደኛዬ ይኸነው ስመኝን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ፣ ከጋሽ አያልነህ ጋር ቁጥር እንድሞላ እኔን ጨመረ። መነጽሬ ትልቅ ሰው ስለሚያስመስለኝ ነው። የስመኝ አባት አቶ ወርቁ ወንድማቸውን መጠጥ ስለበላባቸው፣ ከቀመሰ ሰው ጋር አፍ አይካፈቱም። «በዚህ ሰበብ ከተመለሳችሁ ያ በር ሁለተኛ አይከፈትልኝም» ብሎ ይኸነው እንጅባራ ላይ ሲሸኘን ለምኖን ነበር።

ተጠንቅቄያለሁ። ቁርሴ ደረቅ ዳቦና ቀዝቃዛ ውኃ። ፊቴን ተቀብቻለሁ፣ ባርኔጣ አድርጌያለሁ። ነገር ግን ሚኒባሱ ውስጥ የደረሰኝ ቦታ ሞተሩ ላይ ነበር። መስኮት ልከፍት እጄን ስዘረጋ መኪናው ሙሉ «ንፋስ ይመታናል!» ብሎ ጮኸብኝ። እዚህ አገር የሚኒባስ ንፋስ ከጥይት እኩል ይመታል። ዳንግላ እስክንደርስ ተቀቀልኩ።

አቶ ወርቁ ቤት ገብተን እንደ ደንቡ አልተቀመጥንም፤ ሽማግሌ ጉዳዩ እስኪሰማለት ይቆማል። ጋሽ አያልነህ ጉሮሯቸውን ጠርገው ንግግራቸውን ጀመሩ። አቶ ወርቁ ግን የሚያዩት እኔን ነው። ሲያዩኝ ተጨነቅኩ። ስጨነቅ ቀላሁ። ስቀላ አብዝተው አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ቅረብ እስቲ።»

ቀረብኩ።

«እፍ በል።»

እፍ አልኩ። አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱ። ዳቦ።

«አልቀመስክም» አሉ፣ ቅር እንዳላቸው ሁሉ።

«አልቀመስኩም፣ አባቴ።»

«ታዲያ ምንድን ነው እንዲህ ያቀላህ?»

ያን ጊዜ «ፀሐይ ነው» ብል ኖሮ ይህን ወግ አታነቡም ነበር። ግን የተማረ ሰው ነኝ፤ የበሽታዬን ስም አውቃለሁ።

«ሮዜሽያ አለብኝ» አልኩ።

«ሮዛ?» አሉ አቶ ወርቁ። «ሮዛ ማን ናት?»

ላስረዳ አፌን ስከፍት ጋሽ አያልነህ ቀደሙኝ። ጋሽ አያልነህ ጆሯቸው ከበድ ይላል፤ ካወራነው ሁሉ የሰሙት ስሟን ብቻ ነው። ስሟን ደግሞ ያውቁታል። እኔም አውቀዋለሁ። ይኸነው ባሕር ዳር ሲሠራ አብሮት የነበረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

«ኧረ ሮዛማ የቆየ ነገር ናት!» አሉ፣ ነገር በሚያበርድ የሽማግሌ ድምፃቸው። «ልጃችን ባሕር ዳር ሳለ ነው። ከተለያዩ ቆይተዋል። አሁን ስልክ እንኳ የሚደዋወሉት ለበዓል ለበዓል ብቻ ነው።»

ክንዳቸውን ጎተትኩ። እሳቸው ደግሞ እጄን መታ መታ አደረጉልኝ፤ አይዞህ፣ ተስተካክሏል ማለታቸው ነው።

አቶ ወርቁ ቀስ ብለው ወደ ጓዳው ዞሩ። እኛም ዞርን። ስመኝ ከተገረበበው በር ጀርባ ቆማለች፤ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ። መጀመሪያ ጋሽ አያልነህን አየች፣ ቀጥላ እኔን። ከመካከላችን አብልጦ የቀላው የእሷ ፊት ነበር።

በሩን ዘጋችው።