የጋሽ መስፍን ካርታ ጅራት

ካርታ ሲያዩ እጃቸውን የሚበላቸው ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? ጋሽ መስፍን እንዲያ ናቸው። እኛ ደግሞ የፍራንክፈርት እድራችንን የምርጫ ክልሎች እንደ አዲስ እንዲያካልሉ ለእሳቸው ሰጠናቸው! እሳቸው ከሚወዳደሩበት ከኦስትኤንድ ሰፈር በካርታው ላይ አንዲት ቀጭን ጅራት ተነስታ፣ ከተማውን አቋርጣ ሌላው ዳር ዚንድሊንገን ደረሰች።

«ድምፅ ሊለቅሙ ነው» ብለን አማናቸው። ጅራቷ ጫፍ ላይ የተገኙት ግን እማማ ዘውዴ ብቻ ናቸው።

«ታዲያ ብቻቸውን ክልል ሆነው ራሳቸውን ይምረጡ?» አሉ ጋሽ መስፍን ተቆጥተው። እውነትም በየእሑዱ በባቡር ሄደው አሮጊቷን የሚጠይቁት ጋሽ መስፍን ብቻ ነበሩ።

በምርጫው ዕለት እማማ ዘውዴ እጃቸውን ለተፎካካሪው አወጡ። ጋሽ መስፍን በአንድ ድምፅ ተሸነፉ።

«ምነው እማማ?»

«ልጄ፣ ከተመረጥክማ ሥራህ ስብሰባና ቴርሚን፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ነው። እኔን ማን ይጠይቀኛል?»